የዘይነባ ስም፣ የማን ቁጥር?

ሰኞ
ዘይነባ አለቀሰች፤ እኔ ደግሞ ተናደድኩ። ያልተፈረመ የውል ማፍረሻ ደብዳቤ በፋብሪካው የጋራ ኢሜይል ለትልቁ ደንበኛችን ሄዷል። የፋብሪካው ኮምፒውተር ባለሙያ እኔ ስለሆንኩ፣ ሥራ አስኪያጁ የተላከው ኢሜይል ሁሉ የሚመዘገብበትን የሰርቨሩን ሎግ አስከፍቶኝ «ይኸው ስሟ!» አለ። እውነትም «ዘይነባ» ይላል። እሷ ግን አልላክሁም ብላ ትምላለች። በዚህ ሳምንት ካልተጣራ ትባረራለች። ሰበታ ሥራ ስጀምር ምሳዋን ያካፈለችኝ ጸሐፊያችን እኮ ናት!

ማክሰኞ
ሎጉን ደጋግሜ አነበብኩት። መስመሩ ላይ ስም አለ፣ ቀጥሎ በቅንፍ የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር አለ። ስሙን የሚናገረው የሚገናኘው ኮምፒውተር ነው። ቁጥሩን ግን ሰርቨሩ ራሱ አይቶ ይጽፈዋል። ደውሎ «እከሌ ነኝ» እንደሚል ሰው ማለት ነው፤ ያሻውን ይበል፣ የደወለበት ቁጥር ይታያል። ቁጥሩ ደግሞ ከእኛ ግቢ አይደለም። ለሥራ አስኪያጁ ሳስረዳው «ታዲያ ሌላ ዘይነባ አለችን?» አለኝ። ወይ ጣጣ!

ረቡዕ
አገኘሁት! ቁጥሩ የሱሉልታው መጋዘናችን ነው። እኛ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር በተጠቃሚው ስም ይሰየማል። አሮጌው ወደ ቅርንጫፍ ሲሄድ ስሙን የሚቀይር የለም። የዘይነባም አሮጌ ኮምፒውተር ሱሉልታ ነው ያለው።

ከዚያ ደስታዬ ቀዘቀዘ። አሁን በእሱ የሚሠሩት የመጋዘኑ ኃላፊ ኦቦ ገመቹ ናቸው፤ ደግ ሽማግሌ። ለማንም ሳልናገር ደወልኩላቸው።

«የደብዳቤውን ረቂቅ በጋራ ኢሜይሉ እይ ተብዬ ከፍቼው ነበር» አሉ። «ልዘጋው ስል ላክ የሚለውን ነክቼው ይሆን እንዴ?»

«ለሥራ አስኪያጁ ልንገረው?» አልኳቸው፣ እየፈራሁ።

«አይ፣ እኔው እመጣለሁ።»

ሐሙስ
መጡ! ከሱሉልታ እስከዚህ ሚኒባስ ሲቀያይሩ ረፍዶባቸው ነበር። ዘይነባን አስጠርተው ሥራ አስኪያጁ ፊት «ዺፈማ፣ ይቅር በዪኝ ልጄ፣ እኔ ነኝ» አሏት። እጃቸውን ሳመች። ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገና እሱም ይቅርታ ጠየቃት፤ ኦቦ ገመቹን ግን ምንም አላላቸውም። ደንበኛው ምን እንደሚል ገና አናውቅም።

እኔን አመሰግናለሁ ያለኝ የለም። ይቅርብኝ። አንድ መስመር በትክክል አንብቤ ሰው ከመባረር አድኛለሁ። ለራሴ እላለሁ፦ ጎበዝ! ነገ ጠዋት ዘይነባ ወንበሯ ላይ ናት።