አግዳሚ ያስነሣው ጥናት

ጥቅምት 4
ጠዋቱን በሙሉ ከአለቃዬ ጋር ስለ ጥናቱ ሽፋን ስንጨቃጨቅ አረፈድን። ሰማያዊ ይሁን አረንጓዴ? ስለ ውስጡ ማንም አላነሣም። አለቃዬ የምርምር ተቋማችን ዳይሬክተር ነው፤ ከማጠቃለያ ገጽ አልፎ ሲያነብ ግን ያየው ሰው የለም። በሌለበት ስሙ "ማጠቃለያ" ነው።

ጥናቱን ያዘዘው የክልሉ ጡረታ ቢሮ ነው። "ባለጉዳይ ለምን ይህን ያህል ይጠብቃል?" አሉ። ኮሪደራቸው ላይ ወራት ከርሜ መልሱን አገኘሁት። ሦስት መስኮት አለ፣ የሚሠራው አንዱ ነው። የሁለቱ መስኮት ሠራተኞች ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው። የምን ስብሰባ? ስለ ባለጉዳይ እንግልት።

ለአባዬ ነገርኩት። "እና ይሄ ጥናት ይባላል?" አለና ጋዜጣውን ገለጠ።

ጥቅምት 19
ጥናቱን አቀረብን። የቢሮው ኃላፊ ማጠቃለያዋን አነበቡ፤ አንዷን ዓረፍተ ነገር አሰመሩባት። "ባለጉዳዮች አብዛኛውን ጊዜ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያሳልፋሉ" ትላለች።
"ችግሩ እዚህ ጋ ነው" አሉ።
ሁሉም ማስታወሻ ያዘ። እኔም ያዝኩ! ምኑን ነው የያዝኩት?

ኅዳር 2
አግዳሚዎቹን አነሧቸው። የእውነት። ከሕንፃው ጀርባ ተቆልለው አቧራ ይጠጣሉ። በሩ ላይ "በጥናት ላይ የተመሠረተ ውሳኔ" የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ የተቋማችን አርማ አብሮ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

ማጠቃለያ ግን ደስታው ልክ አጣ። "አየሽ? የኛ ጥናት መደርደሪያ ላይ አልቀረም!"
መስኮቱስ? ስለ መስኮቱ እኮ ሦስተኛው ገጽ ላይ...
"አትቸኩይ። ለውጥ ደረጃ በደረጃ ነው።"

ኅዳር 3
ያስነሣኋቸው እኔ ነኝ እንዴ? አይደለሁም። ... ነኝ።

ኅዳር 16
ጡረተኛ በየዓመቱ በአካል ቀርቦ በሕይወት መኖሩን ማስመስከር አለበት። ቀኑ ሊያልፍ ነው። ዛሬ አባዬን ወሰድኩት።

ዳሌው ውስጥ ብረት አለ፤ ከወደቀ ወዲህ ብዙ መቆም አይችልም። ሰልፉ ደረጃው ድረስ ወርዷል። ግድግዳውን ደገፍ ሲል አንዱ ሠራተኛ ብቅ አለ። "አባት፣ ቀለሙ ይለቃል!" አባዬ ተስተካክሎ ቆመ። ቀልድ አበዛ፤ ሲያመው ነው የሚቀልደው። ፊቱ ሲጠቁር ይዤው ወጣሁ። ከኛ በፊት የነበሩትም እያነከሱ ይወጡ ነበር። እናቶች፣ ሽማግሌዎች...

ኅዳር 23
እንደገና ሄድን። አባዬን ታክሲ ውስጥ አስቀምጬ መስኮቱ ጋ ለብቻዬ ደረስኩ።
"አባቴ በሩ ላይ ነው ያለው። ወጣ ብለህ እየው።"
"እህቴ፣ ራሳቸው ተሰልፈው ነው መስኮቱ ጋ መቅረብ ያለባቸው።"
"መቆም አይችልም።"
"እንግዲህ መመሪያ ነው። ጥናት ተጠንቶበታል እኮ!"
አፌን በእጄ ያዝኩ።

ታኅሣሥ 8
የአባዬ ጡረታ አልገባም። ደወልኩ። በሕይወት ስለመኖሩ ማስረጃ ስላልቀረበ መዝገቡ ተዘግቷል፤ በእነሱ ቤት ሞቷል።

"መቼ ነው የሞትኩት?" አለ አባዬ። "ቀኑን እንኳ ብትጠይቂልኝ ምናለ?" ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ከምሳ በኋላ ግን የደም ግፊት ኪኒኑን በቢላ ለሁለት ሲከፍል አገኘሁት። ግማሹን ዋጠ፣ ግማሹን መልሶ አስቀመጠ። እኔ እገዛልሃለሁ አልኩት። "አንቺ የቤቱን ኪራይ ቻይ" አለኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ውኃ ከፍቼ አለቀስኩ።

ታኅሣሥ 12
ማጠቃለያ ጠራኝ። የክትትል ጥናት ተሠርቶ የመጠበቂያ ጊዜ በግማሽ ቀንሷል! ይቀንሳላ። ተስፋ ቆርጦ ቤቱ የገባ ሰው ምን ይጠብቃል?

በክልሉ ጉባኤ ላይ "ምርጥ ተሞክሮ" ተብሎ ይቀርባል። ከዚያ ወደ ሁሉም መሥሪያ ቤት ይስፋፋል። ወደ ሆስፒታሎችም። ሆስፒታል! አቅራቢዋ እኔ፣ አዳራሹን የማዘጋጀውም እንደ ወጉ እኔ። ጥሩ ካቀረብኩ የክፍል ኃላፊ እሆናለሁ።
"እምቢ ካልኩስ?"
"ሌላ ሰው ያነበዋል። አንቺ ግን..." አለና ወደ በሩ ተመለከተ።

ታኅሣሥ 20
አንድ ነገር አሰብኩ። እብደት ነው። ... ነው?

ታኅሣሥ 21
ጉባኤው ሳይጀመር የአዳራሹን ዘበኛ ፈለግሁት።
"ወንበሮቹን እናውጣ።"
"ሁሉንም? ለጽዳት ነው?"
"ለምርምር ነው። የጡረታ ቢሮው ዓይነት።"
ትንሽ አየኝ። "እናቴ እዚያ ቆማ ውላ እግሯ አብጦ ነው የገባችው" አለና ወንበሮቹን እየደራረበ ያወጣ ጀመር። የመድረኩን ባለትራስ ወንበርም ጭምር።

እንግዶቹ ገቡ። "መቀመጫ የለም እንዴ?" ዓይኔን በጨው ታጥቤ "ምርጥ ተሞክሮውን በተግባር ነው የምናቀርበው" አልኩ። አጨበጨቡ። ምን ያድርጉ? ቢቃወሙ ጥናቱን መቃወም ነው። እስከ ሻይ ሰዓት የሚዘልቀው የመክፈቻ ንግግር በሁለት አንቀጽ አለቀ።

ተራዬ ደረሰ። ማጠቃለያውን ትቼ ጥናቱን ሙሉውን ማንበብ ጀመርኩ፣ ቀስ ብዬ። የጡረታ ቢሮው ኃላፊ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እግራቸው ቆሙ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ጉልበታቸውን ማሸት ጀመሩ። እሳቸው ሳይወጡ ደግሞ ማን ይወጣል? ማጠቃለያ "በቃሽ" እያለ በእጁ ይጠቅሰኛል፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። የመጨረሻውን ገጽ አንብቤ፦ "አባቴ ዳሌው ብረት ነው። መቆም ስላልቻለ ሞቷል ብላችሁታል። ቤት ነው ያለው፤ ኪኒን ለሁለት እየከፈለ" አልኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ይንቀጥቀጥ።

ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሚጸጸቱ መስሎኝ ነበር።
"እስቲ... ለእኔ እንኳ አንድ ወንበር ፈልጉ።"
በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት። የራስ ጉልበት ሲሆን ግን!

ታኅሣሥ 24
አግዳሚዎቹ ተመለሱ። አዲሱ ማስታወቂያ "በክቡር ኃላፊው ጥልቅ ምልከታ" ይላል። ወራት የለፋሁበትን ጉልበታቸው በአንድ ጠዋት ገባው። ሆስፒታሎቹም ተረፉ።

ለእኔም ደብዳቤ ተጻፈ። ኮንትራቴ አይታደስም። ማጠቃለያ ሲሰጠኝ ቀና ብሎ አላየኝም። "አዋረድሽን" አለ።

ታኅሣሥ 28
ዛሬ የምገባበት ሥራ የለኝም። አባዬን ይዤ ጡረታ ቢሮ ሄድኩ። የሚሠራው መስኮት አሁንም አንድ ነው። የሌሎቹ ስብሰባ ዛሬ ስለ አግዳሚ ወንበር አያያዝ ነው። ረጅም ሰዓት ጠበቅን፤ ግን ተቀምጠን።

"አባት፣ እዚህ ላይ ሞተዋል ይላል" አለ ባለመስኮቱ።
"ሰልፉ ነበር የገደለኝ። ቁጭ ስል ተሻለኝ።"
ማኅተሙን መታለት። አባዬ በሕይወት አለ። ከእንግዲህ የሁለታችንም ጉሮሮ በእሱ መኖር ላይ ነው።

እንሂድ ስለው እምቢ አለ፤ ተመልሶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፣ ሊጠግበው። አጠገቡ ያሉት እናት ወደ እሱ ዘወር አሉ።
"ይሄን ወንበር ያስመለሰችው አንዲት ልጅ ናት አሉ። ያስነሣችውም እሷው ናት ይላሉ።"
"አውቃታለሁ" አለ አባዬ፣ ወደ እኔ ሳያይ። "ከሥራ አባረሯት።"
"ውይ በሞትኩት! አሁን ምን ትሠራለች?"
"አባቷን ከሞት አስነሣች" አለ። "ለዚህ ሳምንት ይበቃታል።"