መንግሥትን በዓይኔ ምን አገባው?

ይድረስ ለናፈቅሽኝ ልጄ፤ እንደምን ከርመሻል? እኔና እናትሽ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከመነታረክ በስተቀር ደህና ነን።

ከተማው ደግሞ አዲስ ደንብ አወጣልን። በኤሌክትሪክ መጋዝ የሚሠራ አናጺ ሁሉ ዓይኑን ተመርምሮ ፈቃድ ያውጣ ተባለ። እስቲ አሁን መንግሥትን በእኔ ዓይን ምን አገባው? መንገድ ይሥራ፣ ሌባ ይያዝ፣ ከዚያ ወዲያ ሰውን ለቀቅ ያድርግ! ሰው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ እጁ ካላዘዘ ነጻነት የምትሉት ነገር የቱ ጋ ነው? የእኔ ሥራ ዳኛው ደንበኛዬ ነው። ካልወደደው ይመልሰዋል፣ አለቀ!

በነገራችን ላይ ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ የሠራሁት በር ተመልሶ መጣ። አልገጥም አለ አሉ። እንጨቱ አብጦ ነው እንጂ ልኩስ ልክ ነበር። እናትሽ ግን ሜትሩን እኔ ካልያዝኩልህ ብላ ድርቅ አለች፤ ቁጥሩንም ጮክ ብላ ታነብልኛለች። ትናንት ጭራሽ የመጋዙን ገመድ ነቅላ ደበቀችው። መንግሥትን ከደጅ ስከላከል ለካ አምባገነኑ ጓዳዬ ውስጥ ኖሯል!

ጣትህ እንዴት ሆነ ላልሽው ድኗል፤ ጭረት ነው፣ አታካብዱት።

የጽሑፌ መስመሮች ተደራርበው ከታዩሽ ጠረጴዛው እየተወዛወዘ ነው። ስትመልሺልኝ ፊደሉን ተለቅ፣ ደመቅ አድርገሽ ጻፊ። ዘንድሮ የሚሸጠው ቀለም ሁሉ ይደበዝዛል፤ ይኸን እንኳ የሚቆጣጠር መንግሥት ይጥፋ?

ሰላምሽ ይብዛ፤
ማንም የማያዘው አባትሽ