ሁለተኛው ጥንድ ነጭ ጓንት

እኔ፣ በሰፈሩ ሰው ዘንድ «ቱንቢ» በሚል ቅጽል የምታወቀው ጡረተኛ ግንበኛ፣ ዛሬ ኅዳር አሥራ አራት ቀን፣ ሐሙስ፣ ከረፋዱ በአራት ሰዓት፣ በገዛ እጄ በገነባሁት ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር በተዘረጋው አልጋዬ ላይ ሆኜ ይህን ኑዛዜ በቃሌ አስጽፋለሁ። ዕድሜዬ ሰባ ስምንት ነው። ሐኪሙ ሳንባህ ግማሹ የድንጋይ ብናኝ ነው ብሎኛል፤ አእምሮዬ ግን ሙሉ ነው። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አላባበለኝም። የሚጠራጠር ካለ፣ ፊት ለፊቴ ያለው የበር መቃን ከላይ በኩል የጥፍር ያህል ወደ ግራ ማዘንበሉን ከዚሁ ተኝቼ አያለሁና ቱንቢ ጥሎ ይሞክረኝ። ያቆመው አናጢው ነው፤ እኔ የለሁበትም።

በምስክርነት የተቀመጡት ሦስት ናቸው። አንደኛው ከታች መንገዱ ዳር መድኃኒት ቤት ያለው መድኃኒት ቀማሚ፣ የረጅም ጊዜ ወዳጄ ነው። ሁለተኛው በግድግዳ የምንዋሰነው ፀጉር አስተካካይ ነው። ሦስተኛዋ ታላቅ እህቴ ናት። እህቴ የዚህን ቤት ደፍ ከረገጠች አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ዛሬም ልጄ ለምናት እንጂ በራሷ አልመጣችም፤ ከበሩ አጠገብ ያለውን ወንበር መርጣ ተቀምጣለች፣ ቦርሳዋንም ከጭኗ አላወረደችም። ጸሐፊው በዚህ ክፍል የሚነገረውን ሁሉ፣ የእኔንም የእነሱንም፣ ሳያሳምር እንዲጽፍ አዝዣለሁ።

ቤቱን ለአንድያ ልጄ፣ ለመሬት ቀያሿ ሰጥቻለሁ። መሸጥ ከፈለገች ትሽጠው፤ ነፍሴ በግድግዳው ውስጥ አትቀመጥም። ብቻ ለሚገዛው ሰው የደረጃውን ነገር አትደብቅበት። ሦስተኛው ደረጃ ከሌሎቹ በሁለት ጣት ከፍ ይላል፤ ከእናቷ ጋር ተጣልቼ የሠራሁበት ቀን ነው። እናቷ በሕይወት ሳለች አፈርሰዋለሁ ስል «ተወው፣ እያደናቀፈህ ያስታውስህ» ትለኝ ነበር። ነፍሷን ይማር፤ እስከ ዛሬ ያስታውሰኛል።

የግንበኛ ማንካዎቼን፣ ውሃ ልኬንና መዶሻዎቼን ሁሉ ሃያ ዓመት አብሮኝ የሠራው ድንጋይ ጠራቢ ይውሰድ፤ ማንም ባያየው እንኳ ሲሚንቶ አያቀጥንም።

የግድግዳውን ሰዓት ለፀጉር አስተካካዩ እሰጣለሁ ስል ጸሐፊው ብዕሩን አነሣ።

«ጋሼ፣ ምስክር የሆነ ሰው ከኑዛዜው ምንም መውሰድ አይችልም። ወይ ይመሰክራል ወይ ይወስዳል።»

«ተወው ይቅርብኝ፣» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ «ሰዓቱም እንደ ባለቤቱ ወደ ኋላ መቅረት ጀምሯል።»

እንግዲያስ ሰዓቱም ለልጄ ይሁን። ይህን ደንብ አስቀድሜ ባውቀው ኖሮ ግን የምስክሮቹን ወንበር በሌላ መልክ ባስያዝኩ ነበር፤ ምክንያቱ በኋላ ይመጣል።

አሁን ወደ ሣጥኑ ልለፍ። ከአልጋዬ ሥር ያለው የተቆለፈ ሣጥን በዚህ ሰፈር ከእኔ ይበልጥ ዝነኛ ነው። እኔ ፍሪሜሶን፣ ማለትም «ነፃ ግንበኞች» የሚባለው ማኅበር አባል ነኝ። ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ በራሴ አፍ ስናገረው ግን ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

ሎጅ የምንለው መሰብሰቢያችን ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ፎቁ ላይ ያለ አንድ ሰፊ ክፍል ነው። ከአርባ አንድ ዓመት በፊት ዝናብ ወለሉን አበላሽቶት ኖሮ ጥቁርና ነጩን ንጣፍ እንደገና እንድደረድር ተጠራሁ። የዚያን ቀን ማዕዘኔን፣ ቀጥ ያለ ጥግ የምለካበትን መሣሪያ፣ ሌላ ሥራ ቦታ ረስቼው ሄጄ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ግን ከተገለጠ ቅዱስ መጽሐፍ ጋር ክብ መሥሪያ ኮምፓስና የሚያብረቀርቅ የነሐስ ማዕዘን ተቀምጦ አየሁ። የግንበኞች ማኅበር ነን ብለውኛል፤ የግንበኛ ማዕዘን መቼም አይዋሽም ብዬ በእሱ መስመር ያዝኩ። ሁለት ቀን ደረደርኩ። በሦስተኛው ቀን ከወዲያኛው ግድግዳ ስደርስ በአንደኛው ጥግ ንጣፉ ልክ ገባ፤ በሌላው ጥግ አንድ ስንዝር ክፍተት ቀረ።

ግድግዳው ይሆናል ብዬ ገመድ ወሰድኩ፤ በአንዱ ጎን ሦስት፣ በሌላው አራት ክንድ ለክቼ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስዘረጋው አምስት ሞላ፤ የቀጥተኛ ጥግ ምልክቱ ይህ ነው። ግድግዳው ደህና ነው። ጠማማው ማዕዘኑ ነበር።

በጊዜው የሎጁ አለቃ የጥርስ ሐኪም ነበር። «ጌታዬ፣» አልኩት፣ «ይህ ማዕዘን ጠማማ ነው። ስንት ዓመት ሆነው?»

«ሠላሳ ሁለት፣» አለኝ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

ሠላሳ ሁለት ዓመት ስለ ቀጥተኛነት ሲማማሉበት አንድ ሰው እንኳ ጥግ ላይ አሳርፎት አያውቅም። የጥርስ ሐኪም፣ መድኃኒት ቀማሚ፣ ሰዓት ሠሪ፣ የሙዚቃ አስተማሪ ሞልቶ፣ በግንበኞች ማኅበር ውስጥ አንድ ግንበኛ አልነበረም። ይህን ስላቸው ከመካከላቸው አንዱ ሳቀ።

«የሳቅኩት እኔ ነበርኩ፣» አለ መድኃኒት ቀማሚው አሁን ከወንበሩ።

ይጻፍለት፤ የሳቀው እሱ ነበር። ንጣፉን ነቅዬ በራሴ ማዕዘን እንደገና ደረደርኩት። በዚያ ማኅበር ማንንም ና ብለው አይጠሩም፤ መጠየቅ ያለበት የሚገባው ሰው ራሱ ነው። እኔም በሳምንቱ ልግባ ብዬ ጠየቅሁ። የእኔ ማዕዘን በጠረጴዛቸው ላይ ተቀመጠ፣ ጠማማውን ለእኔ ሸለሙኝ። ዛሬ የቀረነው ሦስት ሽማግሎች ነን። ማዕዘኔ የመጨረሻው ሰው በሩን እስኪዘጋ እዚያው ይቆይ፤ ከዚያ ወደ ልጄ ይመለስ።

ልጄ ከመንገድ ወሬ እንዳትማረው ታሪኩን በአጭሩ ላስጽፍ። ጥንት ታላላቅ ካቴድራሎችን የሚሠሩ ድንጋይ ጠራቢዎች በሥራ ቦታቸው አጠገብ ሎጅ የሚባል ማረፊያ ነበራቸው። ዘመን ሲያልፍ ድንጋይ ነክተው የማያውቁ ሰዎች እየገቡ በዙ፤ መሣሪያውም የጠባይ ማስተማሪያ ሆነ። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት አራት ሎጆች በአንድ መጠጥ ቤት ተሰብስበው የመጀመሪያውን ዋና ሎጅ አቋቋሙ። ዓለምን በስውር ይገዛሉ የሚባሉት ሰዎች መነሻቸው መጠጥ ቤት ነው።

ማዕዘኑ ከሰው ጋር ስትኖር ቀጥ በል ማለት ነው። ኮምፓሱ ለምኞትህ ልክ አብጅለት ማለት ነው። በሎጁ የሚቀመጠው ያልተጠረበ ድንጋይ ስገባ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ የተጠረበው እሆናለሁ ብዬ ያሰብኩት ነው፣ እስካሁን ከመዶሻው ሥር አልወጣሁም። ጥቁርና ነጩ ወለል የሰው ዕድሜ አንድ ቀለም ብቻ የለውም ይላል። በየግድግዳው የሚሥሉት ዓይንም ፈጣሪ ያያል ከማለት በቀር ሌላ ሥራ የለውም። ይህን ሁሉ ማንም እናት ለልጇ ትነግረዋለች፤ እኛ ሽርጥ ታጥቀን እንባባለዋለን፣ ልዩነቱ ይኸው ነው። ምስጢር የሚባለው የእጅ አጨባበጥና ጥቂት ቃላት ናቸው፤ እነሱን ምያለሁና ይዣቸው እሄዳለሁ። የቀረውን ጊዜ ያለፈውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ስናነብና ስለሚያፈሰው ጣሪያ ስንከራከር ፈጀነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እኔ ዘግይቼ ሰማሁት እንጂ፣ ሰፈሩ ደም ይጠጣሉ፣ ሰው ይገብራሉ ይል ነበር። ፀጉር አስተካካዩ በወጣትነቱ ከመቀሱ ምላሱ ይፈጥን ስለነበር ድርሻውን ተወጥቷል።

«ሣጥኑ ውስጥ የራስ ቅል አለ ያልኩት እኔ ነኝ፣» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ደንበኛ ሲሰለች ምን ላውራ?»

ልጄ ሣጥኑን አውጥታ በምስክሮች ፊት ከፈተችው። ፀጉር አስተካካዩ አንገቱን አሰገገ። የተገኘው አንድ የበግ ቆዳ ነጭ ሽርጥ፣ አንድ ጠማማ የነሐስ ማዕዘን፣ በአገልግሎት የነተበ አንድ ጥንድ ነጭ ጓንት፣ እንዲሁም በወረቀት ተጠቅልሎ በክር የታሰረ ሌላ ጥንድ ጓንት ነው።

«ይኸው ነው?» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ቅር ብሎት።

ይኸው ነው። ሽርጡንና የነተበውን ጓንት ከእኔ ጋር ቅበሩት። ጠማማውን ማዕዘን ልጄ በቢሮዋ ግድግዳ ላይ ትስቀለው፤ መሣሪያ ስላብረቀረቀ ብቻ እንዳታምነው።

የቀረው በወረቀት የተጠቀለለው ነው። በሎጃችን አዲስ የገባ ሰው ሁለት ጥንድ ነጭ ጓንት ይሰጠዋል። አንዱ ለራሱ ነው፤ ሁለተኛው የሴት ሲሆን ከሴቶች ሁሉ አብልጦ ለሚያከብራት እንዲሰጣት ነው። ለሚስቴ ይዤላት ስገባ ለክታ አየችውና መልሳ ጠቀለለችው። «ለእኔ አይደለም፣» አለችኝ፤ «አንተን ሰው ያደረገች ሌላ ናት፤ ውሰድላት።»

እናታችን ስትሞት እኔ አምስት ዓመቴ፣ እህቴ አሥራ ሦስት ነበረች። የሰው ልብስ እያጠበች አሳደገችኝ፣ አስተማረችኝ። የተማርኩትን ፊደል ማታ ማታ መልሼ ሳስተምራት ብዕሩ ከቆሰለው ጣቷ ይንሸራተት ነበር። ጓንቱን እሑድ ልወስድላት አሰብኩ። ዓርብ ዕለት ግን የሰባት ወር ልጄን፣ ወንዱን፣ ትኩሳት ያዘው። ይህ መድኃኒት ቀማሚ ከተማውን ዞሮ መድኃኒት ፈለገለት። ማክሰኞ ጠዋት በሆስፒታል በእናቱ ክንድ ላይ ዐረፈ። ማጅራት ገትር ነው አሉን።

በዚያው ወር የትምህርት ቤቱን ሕንፃ የመገንባት ሥራ አገኘሁ። ሰፈሩ ሁለቱን ገጣጠማቸው፤ ልጁን ገብሮ ሥራ አገኘ ተባለ። እህቴ ሰምታ መጣች፤ እዚሁ በር ላይ ቆማ «በዚያ ቤት ምን ትሠራለህ? በልጁ ምን አደረግህ?» አለችኝ። እኔም «ስለዚያ ቤት አትጠይቂኝ፣ ምያለሁ» ብዬ በሩን ዘጋሁባት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ጥቂት ቃላት ስጠብቅ እህቴን ጣልኩ።

እውነቱን ለመናገር መሐላዬ «ልጄን አልሸጥኩም» ከማለት አይከለክለኝም ነበር። የከለከለኝ ኩራቴ ነው፤ መሐላውን ሽፋን አደረግሁት። ከዚያ ወዲህ እሷ ገበያ ስትወጣ ጠብቄ የግቢዋን አጥር ስጠግን፣ እሷም በልጄ እጅ ሸሚዞቼን አጥባ ስትልክ ኖርን። ቃል ግን አልተለዋወጥንም። ከተናዛዥ የሚጠበቀው የዕዳ ዝርዝር ካለ የእኔ ይህ አንዱ ነው፤ በምስክሮች ፊት እከፍለዋለሁ። እትዬ፣ ልጄን ለማንም አልሰጠሁም። የወሰደው ትኩሳት ነው።



«አንተ ልጅ፣» አለች እህቴ፣ «እኔ'ኮ የጠየቅሁህ እንድትክድልኝ ነበር። ‹አላደረግሁትም› ብትለኝ ሰፈሩን ሁሉ በምላሴ እጠርግልህ ነበር። አንተ በር ዘጋህብኝ።»

«ተቀየምኩሽ፣ እትዬ። ያሳደግሽኝ አንቺ እንዴት ትጠይቂኛለሽ ብዬ ተቀየምኩ።»

«እኔስ ማን ቀረኝና ነው የምጠይቀው?»

ስለዚህ ሁለተኛውን ጥንድ ነጭ ጓንት ለታላቅ እህቴ ሰጥቻለሁ ብዬ ሳስጽፍ ጸሐፊው እንደገና ብዕሩን አነሣ፤ እኔም እንደሚያነሣ አውቄ ነበር።

«እማማ፣ እርስዎ ምስክር ነዎት። ከመሰከሩ ጓንቱን መውሰድ አይችሉም። ከወሰዱ ደግሞ ምስክር ይጎድለናል። የቱን ይመርጣሉ?»

አንድ ጊዜ በዚህ በር ላይ በማይሆን ቦታ ዝም ብያለሁ፤ አሁን ግን መናገሩ የእሷ ተራ ነው።

እህቴ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ከምስክሮች ወንበር ተነሣች።

«ምስክርነቱን ለሌላ ስጡት፣» አለች። «እኔ አርባ አንድ ዓመት በሐሰት ስመሰክርበት ኖሬያለሁ፤ ይበቃኛል። ጓንቴን አምጡ።»

መጥታ አልጋዬ ላይ ተቀመጠች። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። የሳሙናና የውሃ ዘመን አንጓዎቿን አሳብጧቸዋልና ጓንቱ ከመካከል አልፎ አልገባም። «ያኔ ብትሰጠኝ ይገባ ነበር፣» አለችኝ። «ልክ ነሽ፣» አልኳት። ሳቀች፤ እኔም እስኪያስለኝ ሳቅሁ።

ለልጄ የምተወው ምክር ይህ ብቻ ነው፤ የምትወጂው ሰው የሚያስቀይም ጥያቄ ከጠየቀሽ መጀመሪያ መልሺለት፣ ከዚያ ተቀየሚ። ከዚህ ቀደም ያደረግሁት ኑዛዜ የለም፤ ከዚህ በኋላም የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም። የጎደለው የምስክር ቦታ በየቀኑ መርፌ ልትወጋኝ በምትመጣው ነርስ ተሞልቶ፣ ጽሑፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሁላችንም ፊት ተነብቦልኛል፤ ቃሌ ነው ብዬ ፈርሜያለሁ። ደስ ብሎኛል፤ ይህም ይጻፍ።

የተናዛዡ ፊርማ፦ ጡረተኛው ግንበኛ፣ «ቱንቢ»

ምስክሮች፦
መድኃኒት ቀማሚው ፈርሟል።
ፀጉር አስተካካዩ ፈርሟል።
ነርሷ ፈርማለች።

ጸሐፊው የጨመረው፦ ስጦታቸውን በዚሁ ቀን የተረከቡት የተናዛዡ እህት፣ መረከባቸውን ለመፈረም እስከ መካከል የገባውን ጓንት እንዲያወልቁ ቢጠየቁ እምቢ በማለታቸው ፊርማቸው ከመስመሩ ወጥቶ ተጣሟል። በሌላ ወረቀት ይደገም ወይ ተብለው የተጠየቁት ተናዛዡ ፊርማውን አቅርበው ካዩ በኋላ፣ «ልክ ነው፣ እንዳትነኩት» ብለዋል።