ያልጠየቅሁዎት የጓሮ መንገድ

ውድ ጋሽ ጩማ፣

እንደምን ሰነበቱ? ይህን ደብዳቤ ልጅዎ ብሩክታይት ታነብልዎታለች። በስልክ ልነግርዎት አስቤ ነበር፤ ነገር ግን በስልክ «ግድ የለም ልጄ» ብለው ቶሎ ያስጨርሱኛል። ወረቀትን ግን አያቋርጡም።

ስትሮኩ ቀኝ ጎንዎን ከመታዎት በኋላ ሶዶ ሆስፒታል፣ እኛ የፊዚዮቴራፒ ክፍል የመጡበትን ቀን አስታውሳለሁ። ምን እንደሚፈልጉ ስጠይቅዎት «ጓሮዬ ደርሼ እንሰቴን ማየት» አሉኝ። እኔ ግን ካርድዎ ላይ «ያለ ሰው ድጋፍ አሥር ሜትር መሄድ» ብዬ ጻፍኩ። መለካት የምችለው እሱን ነበርና።

ስድስት ሳምንት ለፋን። ጉልበትዎ ሲከዳዎት አንድም ቀን አላማረሩም። ዎከሩን፣ ያንን ባለ ጎማ የብረት መደገፊያ፣ ሳመጣልዎት ጎማዎቹን አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ ይሄ ጭቃ ላይ ይሄዳል?» አሉኝ። ያኔ ቆም ብዬ ስለ ከዘራ ማሰብ ነበረብኝ። ከዘራ ግን ብዙ ልምምድ ይፈልጋል፣ የታካሚው ወረፋም ረጅም ነው፤ ዎከር ደግሞ ከመውደቅ ያድናል አልኩ በልቤ። «ይሄዳል፣ አይስጉ» አልኩዎት። ባለቤትዎ እማማ አሳየሽ አንድ ነገር ሊሉ ሲሉ እርስዎ በዓይን ገሠጿቸው። የተማረ ሰው ሲናገር መሟገት እርስዎ ዘንድ ነውር ነው። «እሺ» አሉኝ። ሐምሌ ላይ አሥሯን ሜትር በክፍላችን ወለል ላይ ጨረሱ፣ አጨበጨብን፣ «ግቡ ተሳክቷል» ብዬ ፈረምኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ለዘመድ ሠርግ ጉኑኖ መጥቼ ቤትዎ ጎራ እስክል ድረስ በዚያ ፊርማ እኮራ ነበር። ዎከሩ ላይ የታጠበ ልብስ ተሰጥቶበታል። ለካ በመጀመሪያው ቀን ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ ይዞዎት ወድቋል፤ ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር በር ላይ ተቀምጠዋል። ጓሮው ቁልቁለት ነው፣ መሐሉ ቦይ አለው፣ የወደቀው የእንሰት ቅጠል ያዳልጣል። እኔ በሁለት ጤነኛ እግሬ ስንሸራተት እማማ አሳየሽ ያዙኝና «ያን ቀን ልነግርሽ የነበረው ይሄንን ነው» አሉኝ።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እኔ ጋውኔን ለብሼ ረሳሁት። እርስዎ ደግሞ «ግድ የለም ልጄ፣ አንቺ ያየሽው የሲሚንቶ ወለል ነው» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጉልበትዎ ደርቋል፤ ያ ሦስት ወር ተመልሶ አይመጣም። እንደ ድሮው ይሄዳሉ ብዬ አልዋሽዎትም። በከዘራ፣ ጎንዎ ሰው ይዘው፣ የመጀመሪያው እንሰት ጋ መድረስ ግን ይችሉ ይሆናል። ሐሙስ እመጣለሁ። ልምምዱ እዚያው ቁልቁለቱ ላይ ነው፤ ቦዩ ላይ የምንጥለውን ሳንቃ ብሩክታይት ትፈልግልን።

አንድ ነገር ልለምንዎት። እኔ «በዚህ በኩል ይርገጡ» ስል፣ መንገዱን የሚያውቁት እርስዎ ነዎትና፣ ካልሆነ «አይሆንም» ይበሉኝ። ይህችን ቃል ከአፍዎ ሰምቼ አላውቅም። ሐሙስ የምመጣው እሷንም ለመስማት ነው።

አክባሪ ልጅዎ፣
ሳምራ