ለጸሎት ያቀረብኩት ዮጋ

ሰኞ
አሁንም አልወሰንኩም። የዮጋ ስልጠናው የሚጀምረው የዛሬ ሳምንት፣ እዚሁ ሰፈራችን ሴቻ፣ ሐይቁን ቁልቁል የሚያየው ሆቴል ውስጥ ነው። አምስት ቀን ሙሉ፣ ከጠዋት እስከ ማታ። ምዝገባው ዓርብ ያበቃል።

ወገቤ ሂጂ ይለኛል። ዛሬ መዝገብ ቤት ከታችኛው መደርደሪያ ፋይል ላወጣ ጎንበስ ብዬ ቀና ማለት አቃተኝ። አለቃዬ ደግፎ አነሳኝ። አፈርኩ። ሐኪሙም ኪኒን ከመቃም ይሄ ይሻልሻል ብሎኛል።

የምፈራው ቸርችን ነው። ዮጋ ባዕድ አምልኮ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ከምዘምርበት ኳየር ቢያስወጡኝስ? ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ያለኝ ኳየሩ ነው።

ማክሰኞ
ሞኝ ነኝ። የሴቶች ኅብረት ላይ የጸሎት ርዕስ ያላችሁ ሲባል እጄን አወጣሁ። ጌታ መንገዱን እንዲያሳየኝ ጸልዩልኝ አልኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሆቴሉን፣ ቀኑን፣ ዮጋውን። እኛ ደግሞ የሰው ምስጢር የምናወራው «ለጸሎት» ብለን ነው።

አብልጣ የጸለየችልኝ አስቴር ናት። አሥራ ስምንት ዓመት ኳየር ውስጥ ከጎኔ ቆማ በአልቶ ድምፅ የዘመረችው አስቴር። እንባዋ ሁሉ መጣ።

ረቡዕ
ጸሎቱ ጌታ ጋ መድረሱን እንጃ፤ የቸርቹ ሽማግሌዎች ጋ ግን ደርሷል። ሲቀላ ገበያ ሙዝ የምገዛት ሴት እንኳ፣ የአጥቢያችን ሰው ናት፣ «ሰውነትሽን ለሌላ መንፈስ ልትከፍቺ ነው አሉ» አለችኝ። ሙዙን ጥዬላት መጣሁ።

አስቴር ጋ ደውዬ፣ አንቺ ነሽ የነገርሻቸው? አልኳት። አልካደችም።
«ዝም ብል ደምሽ በእኔ ላይ ነው» አለች።

ሐሙስ
ሦስት ሽማግሌዎች ፊት ቆምኩ። ቆምኩ ስል በቁሜ ነው፤ ወንበሩ ዝቅተኛ ስለሆነ ብቀመጥ መነሳት አልችልም። ገና አልወሰንኩም ብዬ ነገርኳቸው። ሦስቴ ነገርኳቸው።

ከሦስቱ አንዱ፣ ኳየሩን የሚመሩት ጋሽ ጴጥሮስ፣ ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ እንደሱ ሲሆኑ ነው የምፈራቸው።
«ልጄ፣ ልብሽ ሄዷል። ለጊዜው ከአገልግሎት ዕረፊ» አሉኝ።

የምዘምርበትን ጋውን አጥበሽ መልሺ ተባልኩ። ስለ ወገቤ የጠየቀኝ የለም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉኝ ይሆናል። እኔ እኮ ቆጡን ገና አልነካሁትም!

ዓርብ
ጋውኑን ተኩሼ ወሰድኩ። ጋሽ ጴጥሮስ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረቡልኝ። ለመሄድ በማሰቤ ንስሐ ገብቻለሁ፣ አልሄድም ብዬ ከፈረምኩ እሁድ እዘምራለሁ። እስክሪብቶውን አነሳሁት። እውነቱን ልጻፍ፣ ስሜን ግማሽ ድረስ ጽፌ ነበር። ከዚያ እጄ እንቢ አለኝ። ገና በሐሳቤ ያለን ነገር እንዴት ብዬ ይቅርታ ልጠይቅበት?

ከዚያው በቀጥታ ሆቴሉ ሄጄ ተመዘገብኩ። በንዴት። በእምነት አይደለም፣ በጀግንነትም አይደለም።

እሁድ
ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እኔ ብቻዬን የምዘምረውን ሶሎ አስቴር ዘመረችው። ደህና አድርጋ ዘመረችው፣ ይሄ ነው ያቃጠለኝ። በፊት የሚያቅፉኝ ሴቶች ዛሬ እጅ ብቻ ሰጡኝ።

ሰኞ
የመጀመሪያው ቀን አለፈ። ምንም መንፈስ አላየሁም። ሌሎቹ ሲተጣጠፉ እኔ ጉልበቴን እንኳ መንካት አቃተኝ። አሰልጣኟ በረጅሙ ተንፍሱ ስትል ለቅሶ አመለጠኝ። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀኝም፤ አሰልጣኟ ቀስ ብላ ትራስ ከጀርባዬ አስገባችልኝ።

ወገቤ እንደትናንቱ ያመኛል። ይድን እንደሆነ አላውቅም። ነገም እሄዳለሁ። ሌላ የምፈለግበት ቦታ የለኝም።