«አለ» የሚለው ዓምድ

ኅዳር 9፣ ሰኞ፣ ጠዋት 2፡40

መብራት አለ። ኮምፒውተሩ ተነሥቷል። ውርጩ እስካሁን መስኮቱ ላይ ነው፤ እጄን ብብቴ ውስጥ እያሞቅሁ ነው የምጽፈው። የዛሬ ሥራ፦ የሦስት ቀበሌ የመሬት ደብተር ከወረቀት ወደ ማሽን። ባል፣ ሚስት፣ ማሳ፣ አዋሳኝ። እንደ ሁልጊዜው።

ቤተልሔም ከደ/ብርሃን ደወለች። የመሬት መዝገቡን ፕሮግራም የሠራችው ልጅ ናት። አዲሱን በፍላሽ አድርጋ በሚኒባስ ልካልኛለች። በፊት ሠንጠረዡ ላይ አንድ ዓምድ ለመጨመር ራሷ እዚህ መ/ሜዳ ድረስ መምጣት ነበረባት። አሁን ለውጡን ኮዱ ውስጥ ጽፋዋለች። ፕሮግራሙ ሲከፈት ሠንጠረዡን ያያል፤ የጎደለ ዓምድ ካለ ራሱ ይጨምራል። ሰው ተቀምጦበት ቤት ይሰፋል ወይ አልኋት። ሳቀች። ሳልከፍተው በፊት ኮፒ እንድይዝ አደራ አለች።

አዲሱ ዓምድ «ሁኔታ» ይባላል። ሰውየው አለ ወይስ የለም። ይኸው ነው።

ቤት መስፋት ስል የራሴ ቤት ትዝ አለኝ። ባለቤቴ አስካለ ካረፈች ሁለት ዓመት ከአራት ወር። መፍተል የጀመረችው ሱፍ እንዝርቱ ላይ እንደተጠመጠመ ምሰሶው ላይ ተሰክቷል። አላነሣሁትም። አቧራውን ብቻ እፍ እላለሁ።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ፣ 4 ሰዓት

ኮፒ ያዝሁ። በስመ አብ ብዬ ከፈትሁ። «ሠንጠረዡ እየተስተካከለ ነው» የሚል ጽሑፍ መጣ። ትንሽ ቆየ። ተከፈተ። ዓምዱ ገብቷል፤ ሌላው ሁሉ በቦታው ነው። ያምራል።

ከሰዓት፣ 9፡30

አያምርም። ዘነበ ጠራኝ፤ መስኮቱ ላይ ባለጉዳይ የሚቀበለው ነው። «ጋሽ ተፈራ፣ ትንሣኤ ሙታን በኛ ወረዳ ነው እንዴ የጀመረው?» የአባቱን መሬት ለመውረስ የመጣ ገበሬ፣ አባትህ በሕይወት አሉ ተብሏል። ገበሬው አልተቆጣም። ካሉማ ጥሩ ነው፣ ገብስ አጨዳ ላይ ነኝና መጥተው ያግዙኝ አለ። ወረፋው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በሙታን መሳቄ ከነከነኝና አማተብሁ።

ሠንጠረዡን አየሁት። ሁሉም «አለ»። አንድም ሳይቀር። አዲሱ ዓምድ ባዶ መሆን አይችልም፤ ኮዱ ሲጨምረው ለነባሮቹ አንድ ነገር መሙላት ነበረበት፤ «አለ» ብሎ ሞላ። በምጥ የሄደችውም፣ ገደል የገባውም፣ ዘጠና ዓመት ኖረው የተሰናበቱትም፤ ሁሉም አሉ።

የሷን ረድፍ ከፈትሁ። አስካለ። አለ። ለወንዱም ለሴቱም «አለ» ነው የሚለው። ብታየው፣ ብለው ብለው ደግሞ ወንድ አደረጉኝ ትል ነበር።

ደብተሬ፣ ቶሎ አልዘጋሁትም። መብራት እስኪጠፋ ቁጭ ብዬ አየሁት።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል፣ ከቅዳሴ መልስ

እውነቱን ላንተ ካልጻፍሁ ለማን እጽፋለሁ።

በድሮው ሠንጠረዥ የሞተ ሰው ሲኖር «ማስታወሻ» በሚለው ዓምድ ላይ «ዐርፈዋል» ብዬ እጽፋለሁ። ለሽማግሌውም ለሙሽራይቱም አንድ ቃል። የሌላውን ሰው ሚስት ቤተ ሰቡ በመጣ ዕለት ጽፌያለሁ፤ እንባ ያልደረቀለት ሰው ፊቴ ቆሞ። የአስካለን ግን አልጻፍሁም። ለካህኑ ነገርሁ። ለዕድሩ ነገርሁ። አርባዋን፣ ሙት ዓመቷን አወጣሁ። በእጄ ላለው መዝገብ አልነገርሁም። ነገ፣ ነገ ስል።

የመሬት ደብተር የተሰጠን ጊዜ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ፎቶ ተነሣን። አስካለ ከዚያ በፊት ፎቶ ተነሥታ አታውቅም። ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነክሳለች፤ ደብተሩ ላይ ይታያል። ስሟን ሌላ ጸሐፊ ሊጽፍ ብዕሩን ሲያነሣ ከለከለችው። «አንተ ጻፈው፤ እሱ ያበላሸዋል» አለችኝ። እኔ ጻፍሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ጽሕፈት አልጻፍሁም።

ማሽኑ አንድ ቀን የዋሸውን እኔ ሁለት ዓመት ዋሽቻለሁ። አሁን ሙታን ሁሉ «አሉ» ስለተባለ እሷን የሚያያት የለም። እኔንም። ይኼ ደስ አለኝ። ደስ ማለቱ አስፈራኝ።

ኅዳር 13፣ ዓርብ፣ 5 ሰዓት

ቤተልሔም ደወለች፤ ተጨንቃለች። ጥፋቱ የኔ ነው፣ በሕይወት ያሉት ይበዛሉ ብዬ ነው «አለ» ያልሁት አለች። ለሟቾች ምን ቃል ነው የምትጽፉት ብላ ጠየቀችኝ። «ዐርፈዋል»፣ ከሱ ሌላ ጽፌ አላውቅም አልኋት። ተመስገን አለች። ሌላ ወረዳ አንዱ ሞተ፣ አንዱ በሕይወት የሌለ፣ አንዱ ነፍስ ይማር እያለ ጽፎ ጉድ ሆናለች። እዚህ ግን አንድ መስመር ይበቃል፦ ማስታወሻው «ዐርፈዋል» የሚል ከሆነ ሁኔታው «የለም» ይሁን። ኮዱ ውስጥ ታስገባዋለች። እኔ መክፈት ብቻ።

ከዚያ፣ ይኼ ቃል ሳይጻፍለት የቀረ ሟች አለ ወይ አለችኝ።

የለም አልኋት።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ፣ 3፡15

ፍላሹ መጣ። ኮፒ። በስመ አብ። ከፈትሁ። «ሠንጠረዡ እየተስተካከለ ነው»። አሁንም ትንሽ ቆየ። ተከፈተ።

ሙታን ወደየቦታቸው ተመለሱ። የገበሬው አባትም። ዘነበ በመስኮቱ፣ አባትህ ዐርፈዋል፣ እግዚአብሔር ያጥናህ አለው። አሜን ብሎ ወረቀቱን ይዞ ወደ አጨዳው ሄደ።

የሷን ከፈትሁ። አለ።

ያ ሁሉ ሰው ተጠርቶ ሲሄድ እሷ ብቻዋን ቀረች። ስሟን የሚጠራ እኔ ነበርሁ፤ አልጠራኋትም።

ሥራ አልሠራሁም ዛሬ።

ኅዳር 19፣ ኀሙስ፣ ከሰዓት

የሺ መጣች። የአስካለ ልጅ ናት፣ ከፊተኛው ባሏ። አግብታ የምትኖረው ሞላሌ ከተማ ነው። አስካለ ከእናቷ የወረሰችው ማሳ በኛ ደብተር ላይ ነው፤ ለየሺ ሊያልፍ የሚገባው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠይቃኝ አታውቅም። አሁን ግን ማሳውን ምርቱን በእኩል እየተካፈለ የሚያርሰው ሰው፣ መሬቱን የሰጡኝ እናትሽ ናቸው፣ አንቺ በስምሽ ደብተር ካላመጣሽ በልጉንም እዘራዋለሁ ብሏታል። ከከረመ የኔ ነው ማለቱ አይቀርም።

ዘነበ አላወቃትም። ማሽኑን አይቶ፣ እናትሽ በሕይወት ስላሉ ውርስ የለም አላት።

«ካሉማ የት እንዳሉ ንገረኝ» አለችው። «ስንቅ ይዤ እሄዳለሁ።»

ወረፋው አልሳቀም። ዘነበ ዞሮ እኔን አየ። እሷም ዐይኑን ተከትላ ከመደርደሪያው ኋላ አየችኝ። መዝገቡ በማን እጅ እንደሆነ ታውቃለች። ይኼን ጊዜ ምድር ብትከፈትልኝ በወደድሁ።

«ጋሼ፣ ደኅና ነዎት?» አለች።

ቤት ይዣት መጣሁ። እንዝርቱን አየች፤ አልነካችውም። እማዬ ብትኖር፣ ብል ሊበላው ነው ብላ ትቆጣዎ ነበር አለችኝ። እውነቷን ነው። ትቆጣ ነበር። ያንን ቁጣ ነው የናፈቅሁት።

ኅዳር 21፣ ጽዮን ማርያም

ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ነገርሁ። ኮምፒውተሩን አላስረዳኋቸውም፤ መዝገብ ብቻ አልሁ። በቅዳሴ ማንን ነው የምታስጠራ አሉኝ። አስካለን። ከማን ጋር? ካረፉት ጋር። «እንግዲያ በኔ መጽሐፍ ካረፉት ጋር፣ ባንተ መጽሐፍ ከሕያዋን ጋር። የቱ ነው ውሸቱ?»

ቀኖና ይሰጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ቀኖናህ መዝገቡ ነው አሉ። ደግሞም ልጂቱን እናቷ ናት ያደረሰችልህ አሉ።

ስመለስ መንገዱን ሁሉ ከአስካለ ጋር አወራሁ። አንቺ አንተ እያልን እንደ ድሮው። መልሱን ግን እኔው ነበርሁ የምሰጥ። እስከ ዛሬ አላስተዋልሁትም ነበር።

ኅዳር 23፣ ሰኞ፣ 6 ሰዓት

ለቤተልሔም ደወልሁ። ያ ቃል ያልተጻፈለት አንድ ሰው አለ፤ ባለቤቴ ናት አልኋት። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ጋሽ ተፈራ፣ አይጨነቁ፣ የሚቀጥለው ላይ አንድ መስመር እጨምርለታለሁ፣ ሲከፈት ራሱ ያስተካክለዋል፣ ማንም አያውቅም አለች። ለኔ አዝና ነው።

ልቤ ከጀለ። አልዋሽህም። መክፈት ብቻ ነበር። ውርጭ ባለበት ጠዋት ከፍቼ፣ ሠንጠረዡ እየተስተካከለ ነው ብሎኝ፣ አልቆ ባገኘው።

አይሆንም አልኋት። ሠንጠረዡን ኮድ ይለውጠው። የሷን እኔ። አንድ ነገር ግን ለመንኋት፦ ማንም ያልጠየቀለትን ሰው ማሽኑ በራሱ «አለ» እንዳይል። «አልተጠየቀም» ይበል። ትቀይረዋለች።

ለኃላፊውም ተናገርሁ። ተቆጣ፤ ይገባዋል። በሚመጣው ግምገማ ግለ ሂስ ታደርጋለህ አለኝ። እሺ። ሠራተኛ የራሱን ፋይል አይነካም፣ እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ በመስኮቱ ቁም አለ። ይኼም እሺ።

የሺ ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ ትመጣለች።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ፣ 2፡20

ከጽ/ቤቱ ውጭ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ። ወረፋው ውስጥ አራተኛ ነኝ። መስኮቱን ከዚህ በኩል አይቼው አላውቅም፤ ለካ ከፍ ያለ ነው፣ ሰው አንጋጦ ነው የሚናገረው።

ቅጹን ጉልበቴ ላይ ሞላሁት። የሟች ስም፦ ጻፍሁ፣ እንደዚያን ቀን አሳምሬ። አስመዝጋቢ፦ እኔ። ዝምድና፦ ባል። ያረፉበት ቀን የሚለውን ዘልዬው ቆየሁ። ሐምሌ 19፣ ገብርኤል። ጻፍሁት።

ጠዋት ከቤት ስወጣ እንዝርቱን ከምሰሶው ነቀልሁ። ለየሺ ሰጠኋት፣ ጨርሺው አልኋት። አይታ አይታ፣ ጋሼ የኔ ክር ከእማዬ ይወፍራል፣ የተጋጠመበት ያስታውቃል አለች።

ያስታውቅ አልኋት።

አጠገቤ ቆማ እያሾረችው ነው። ዘነበ መስኮቱን ከፈተ። አየኝ። ቀልድ የለም ዛሬ። ሁለቱ ጨርሰው ሄዱ፤ ሦስተኛውም ወረቀቱን እየሰበሰበ ነው። አሁን ስሜን ጠራ፤ ልነሣ።