ሰው የለበትም የተባለው መንደር

«በኮሲ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ፓናርዲህ በተባለው ሥፍራ የተመዘገበ ነዋሪ የለም። ስለሆነም በዚህ ዓመት የዳርቻ መከላከያ ግንብ የሚሠራበት ምክንያት አልተገኘም።»

ወንድም ጋሼ ቦጌንድራ፣ ይህን አንድም ፊደል ሳልጨምር ሳልቀንስ ከጋዜጣ ገለበጥኩልህ። ምክር ቤቱ ፊት ቆሞ ያነበበው የውኃ ሚኒስትር ዴኤታው ነው፤ አንተ። እትብትህ የተቀበረው ደግሞ ፓናርዲህ ነው።

ቁጣዬ ሰላምታዬን ቀደመው። ለመሆኑ እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህን ያምህ ነበር፤ ተሻለህ ወይ? እትዬ ሱሹማስ ደህና ናት? የዴልሂ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? እኔ ኮሌጁ ስለተዘጋ እማዬ ዘንድ ነኝ። ዓይኗ ቢደክምም ምላሷ እንደ ጥንቱ ነው። ዛሬ ጠዋት ከጓሮዋ አጥር እስከ ወንዙ አፋፍ በእርምጃ ለካሁ፤ ሠላሳ ዘጠኝ ሆነ። ወንዙ ዳርቻውን ሳይበላው፣ ከወር በፊት ስልሳ ሁለት ነበር፤ ዝናቡ ገና አልጀመረም።

ጋዜጣውን ጀልባ ላይ ጮክ ብዬ ሳነብ ቀዛፊው ቢላት፣ «መምህር፣ እኛ ከሌለን ታዲያ ዛሬ ጠዋት ሚስቴ ስትሰድብ የነበረው ማንን ነው?» አለ። ጀልባው በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ የተመዘገበ ሰው ለምን እንደጠፋ አውቃለሁና።

ከሦስት ዓመት በፊት ጎርፉ ሲጎድል መጥተህ፣ «የእርዳታ እህል የሚሰጠው በምዕራብ ዳርቻ ለተመዘገበ ብቻ ነው፤ ሁላችሁም በዘመዶቻችሁ ቤት ተመዝገቡ» ያልከው አንተ ነህ። የአርባ አንዱን ቤተሰብ ቅጽ የሞላሁት እኔ ነኝ፣ በዚሁ እጄ። አሮጊቷ ራምሱንደሪ አውራ ጣቷን ቀለም ውስጥ ነክራ፣ «ልጄ፣ ይህን ካተምኩ ከቤቴ አያስወጡኝም?» ስትለኝ፣ «ወረቀት ብቻ ነው፣ እማማ» አልኳት። የታሪክ መምህር ነኝ፤ ወረቀት ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ነበረብኝ።

አንተ እንዲህ አልነበርክም፤ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ሁለት ጊዜ ተሸንፈህ በሠላሳ ሦስት ዓመትህ ስትመረጥ የምርጫ ምልክትህ መቅዘፊያ ነበር፤ ቢላት የራሱን መቅዘፊያ ተሸክሞ ከፊት ከፊትህ ይሄድ ነበር። የመጀመሪያ ንግግርህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የወንዙን ደለል በጠርሙስ ይዘህ ምክር ቤት ገብተህ፣ «የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ ይህ የአያቴ ማሳ ነው» ያልከው ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ አምስት ጊዜ ተመርጠሃል፣ ሦስት ፓርቲ ቀይረሃል። ምልክትህ በተለወጠ ቁጥር እማዬ አዲሱን በሩዝ ዱቄት ግድግዳዋ ላይ ትስላለች፤ መቅዘፊያውን ግን አላጠፋችውም።

ለሁለተኛ ጊዜ ስትመረጥ ለበረከት ኮኮናት ሰብረህ ያኖርከው የግንቡ የመሠረት ድንጋይ ትዝ ይልሃል? ወንዙ በቀረበ ቁጥር ስምንት ወንዶች በቀርከሃ ተሸክመው ያሸሹት ነበር፤ ጣሪያቸውን ከማውረዳቸው በፊት እሱን። «የቦጌንድራ ቃል ነው፤ ውኃ ከወሰደው በምን እንጠይቀዋለን?» ይሉ ነበር። አራት ጊዜ ተሸክመውታል፤ አሁን እማዬ ጓሮ ቆሟል። ባለፈው እሑድ ስጠራቸው ማንም ትከሻ አልሰጠም። ቢላት፣ «የሌለ ሰው ድንጋይ አይሸከምም» አለኝ፤ ያን ጊዜ የሳቀ የለም። እማዬ ደግሞ፣ «ያኖረው ልጄ መጥቶ ካላነሳው እኔም አልነሳም» ብላ አልጋዋን ከድንጋዩ ጎን አድርጋለች። ላግባባት ብሞክር፣ «አንተ መምህር ነህ፣ እሱ ሚኒስትር ነው፤ እሱ ያውቃል» አለችኝ። ያነበብከውን ልነግራት አልቻልኩም።

ግንቡ ከዝናቡ በፊት እንደማይደርስ አውቃለሁ፤ ሞኝ አይደለሁም። ነገር ግን ያልነበረ መንደር በውኃ ተወሰደ አይባልም፤ ለአርባ አንዱ ቤተሰብም ምትክ መሬት አይሰጥም። ስለዚህ ቃልህን ምክር ቤቱ ፊት አርም። ምዝገባውን ማን እንዳዘዘና ማን እንደጻፈ ተናገር፤ የእኔንም ስም ጥራ። የእርማቱን ቅጂ ከፊርማህ ጋር እስከ ጁን 10 ቀን ላክልኝ። ስልክ አትደውል፤ በስልክ ታለሰልሰኛለህ። ታደርገዋለህ ብዬም ተስፋ አላደርግም፤ ግን አልተጠየቅኩም እንዳትል።

እትዬ ሱሹማን እጅ ነስቻለሁ በልልኝ። ልጅህን ኒሃሪካን ሳምልኝ፤ ፈተናዋን እንዴት አደረገች? እማዬ በቅመምና በዘይት የዘፈዘፈችውን የማንጎ አቻር ፀሐይ ላይ አውጥታዋለች፤ «ሲመጣ ይበላዋል» ትላለች። ቢላት፣ «ካለሁ ሰላም በልልኝ» ብሎሃል። ራምሱንደሪ ሰላምታ አልላከችም።

ፖስታው ላይ የምዕራብ ዳርቻ ዘመድ አድራሻ እንዳትጽፍ። ፓናርዲህ ብለህ ጻፍበት፤ ጸሐፊህ ሳይሆን አንተ፣ በገዛ እጅህ። እስከ ጁን 10።

ወንድምህ ኡግራናት
ፓናርዲህ፣ ሜይ 21 ቀን